ሐይቅ አይቀዘቅዝም

አጎቴ ሰው ሐይቅና ተራራ እንዲያይ ሲነዳ ሃያ ስምንት ዓመት ኖሯል። እሱ ራሱ በደንብ የሚያውቀው ግን መንገዱን ነው።

መኪናው አሥራ አራት ሰው የምትይዝ ነጭ ሚኒባስ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ከአስጎብኚ ድርጅቱ በር ትነሳለች፤ ሦስቱን ሐይቆች አልፋ፣ አርባ አንድ ኩርባ ያለውን ተራራ ወጥታና ወርዳ፣ ከሰዓት በኋላ ሸለቆው ውስጥ ካለው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ትደርሳለች። ተሳፋሪዎቹ እዚያ ያድሩና እሁድ በመጡበት መንገድ ይመለሳሉ። አጎቴ ይህን ጉዞ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ሄዶታል። ስንት ጊዜ እንደሆነ በትክክል አያውቅም፤ የኩርባዎቹን ቁጥር ግን ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሱትም ይነግራችኋል።

የሥራ ባልደረቦቹ «እንቁላል» ይሉታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፣ እሱም ሌሎቹ በሦስት ሰዓት የሚጨርሱትን በአራት ሰዓት ይጨርሳል። ፀጉሩ ሲሸብት «ጋሽ እንቁላል» ሆነ፤ ማዕረጉ ይህ ብቻ ነው። ተቀይሞ አያውቅም። አንድም አልተሰበረብኝም ይላል።

ፍርስራሹ ዘንድ ታሪኩን የሚናገር የቦታው አስጎብኚ አለ። አጎቴ መጀመሪያውን ከተሳፋሪዎቹ ጋር ቆሞ ይሰማል፤ መሃሉ ላይ ጎማ ሊያይ ይሄዳል፤ ለመጨረሻው ይመለሳል። ስለዚህ እኛ ቤት የሚታወቀው ታሪክ መሃል የለውም። አንድ ንጉሥ ትልቅ ግንብ አስገነባ፤ ከዚያ ከተማው ባዶ ቀረ። ልጆች ሳለን በመካከሉ ምን ተፈጠረ ብለን ስንወተውተው «ጎማ እያየሁ ነበር» ይለን ነበር፤ እኛም የከተማው መጥፋትና ጎማው የሆነ ነገር የሚያገናኛቸው ይመስለን ነበር።

ከሁለተኛው ሐይቅ ወደ ሦስተኛው ሲኬድ «ረጅሙ ኩርባ» የሚሉት ቦታ አለ። መንገዱ ከገደል ላይ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ከጉልበት የማያልፍ የድንጋይ ከለላ፣ ከከለላው ወዲያ ታች ድረስ ሐይቅ ብቻ። መኪና የሚቆምበት ቦታ የለም። በአጎቴ አነዳድ ኩርባውን ለማለፍ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰው ከዚያ ጉዞ ሁሉ የሚያስታውሳት ያችን ደቂቃ ነው። ወደ ኩርባው ሲቃረብ ሬዲዮውን ያጠፋል። ተሳፋሪዎቹ ለሐይቁ ክብር ይመስላቸዋል። እሱ ግን ከወዲያ የሚመጣ የጭነት መኪና ድምፅ እንዲሰማው ነው የሚያጠፋው። ከጭነት መኪናው ጋር ደግሞ የሰዎቹን ትንፋሽ ይሰማል። አሥራ አራት ሰው ባንድ ጊዜ ወደ ውስጥ የሚስበው ትንፋሽ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሐይቁን ግን አላየውም። በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ እሁድ ሲመለስ፣ ለአንድ አፍታ ዞር ብሎ ነበር። የፊት ጎማው ከለላውን ታኮ አለፈ። ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ሐይቁን እያዩ ስለነበር ማንም አላወቀም። ቤቱ ሲገባ ለአክስቴ ብቻ ነገራት፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ኩርባ ላይ ዓይኑን ከመንገዱ አንሥቶ አያውቅም። ከተሳፋሪ አፍ የሰማውን እያጠራቀመ ለአክስቴ ሐይቁን ሠራላት። ውሃው አረንጓዴ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጉም አለበት፤ ደሴቶቹ ሦስት ናቸው። አክስቴ ለጎረቤት ስታወራ ሦስቱንም ደሴቶች በየተራ ትቆጥራቸዋለች። እሷም አላየቻቸውም። የሚኒባሷ ወንበር ሁልጊዜ ለእንግዳ ነበር።

ባለፈው ዓመት አጎቴ ስድሳ ሞላው። በድርጅቱ ስድሳ የሞላው ሰው መሪ አይጨብጥም። ሌላም ልማድ አላቸው፤ የሚወጣው ሹፌር ከሚገባው ጎን፣ ከፊት ወንበር ተቀምጦ አንድ ሙሉ ጉዞ ይሄዳል። ሲመለስ ወረቀት ይሞላል። እሱ ካልፈረመ የተፈተነው ሰው አይቀጠርም።

ለፈተናው የቀረበችው የዳቦ ቤት መኪና ስድስት ዓመት የነዳች ሴት ናት። ዳቦ ቤቱ ተዘጋና ሰባት ወር ያለ ሥራ ተቀምጣለች፤ እናቷንና አንዲት ሴት ልጇን የምታኖረው እሷ ናት። ከእሷ ኋላ ሁለት ወንዶች ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሥራ አስኪያጁ አስቀድሞ መክሯት ነበር፤ የጉብኝት ሹፌር ማለት መንዳት ብቻ አይደለም፣ እንግዳ ስለ ቦታው ውበት ሲጠይቅሽ አፍሽን ሞልተሽ መመለስ አለብሽ አላት። ሹፌሮቹም በሩ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ ዝም አላሉም። አንዱ «እንቁላልና ዳቦ ተገናኙ፤ ከእንግዲህ የጎደለን ሻይ ብቻ ነው» አለ።

እኔ ከሹፌሯ ጀርባ ካለው ወንበር ነበርኩ። አንድ እንግዳ በመጨረሻው ሰዓት ቀርቶ ነው። አክስቴ ሂጂ፣ አይተሽ ንገሪኝ፣ እሱ እንደሆነ በልቡ ይዞት ይቀራል ብላ ላከችኝ።

አጀማመሯ አላማረም። የመጀመሪያው ሐይቅ ማቆሚያ ጋ ሳታቆም አለፈችና በኋላ ማርሽ ተመለሰች። ከዚያ ሜዳው ላይ ፍጥነቱን ለቀቀችው። የአጎቴ እጅ ከበሩ በላይ ያለውን መያዣ ጨበጠ፤ ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን እየረገጠ የወለሉን ምንጣፍ ወደፊት ሰበሰበው። ሰውየው መቀመጥ አልቻለበትም። ሃያ ስምንት ዓመት የሌሎች የነበረው ወንበር ጠበበው። ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ዳቦውን ምን ነበር የሚያስቸኩልሽ?» አላት።

«ሳይቀዘቅዝ እንዲደርስ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ሐይቅ አይቀዘቅዝም፣ የኔ ልጅ።»

ከኋላ የነበሩት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ አንገቷ ድረስ ቀላች። ማርሽ ቀነሰች። ከዚያ በኋላ ስለ ፍጥነቷ እንዲናገራት የሚያደርግ ነገር አላየሁም፤ የአጎቴ እግር ግን ምንጣፉን አልለቀቀም።

ወደ ረጅሙ ኩርባ ስንቃረብ አጎቴ ሬዲዮውን ሊያጠፋ እጁን ሰደደ። የእሷ እጅ ቀድሞት ነበር። ማንም አልነገራትም። ሁለት ጊዜ ክላክስ አድርጋ በሁለተኛ ማርሽ ገባች። መሃል ላይ ድንጋይ የጫነ መኪና መንገዱን ይዞ መጣ፤ እሷ ቀድማ ስለሰማችው ቋጥኙን ተጠግታ እየጠበቀችው ነበር። አለፈን። ያኔ ሐይቁ ወለል አለ፣ ሰዎቹም ተነፈሱ። እኔም ከእነሱ ጋር ተነፈስኩ፤ ደሴት መቁጠር ትዝ አላለኝም። አጎቴ መንገዱን እያየ ነበር።

ሸለቆው ውስጥ አስጎብኚው ንጉሡና ግንቡ ጋ ሲደርስ፣ አጎቴ እንደልማዱ ወደ መኪናዋ ሄደ። እሷም ተከተለችው። ሹራቤን ልወስድ ስመጣ ሁለቱም ጎማው ሥር ቁጢጥ ብለው አገኘኋቸው። አጎቴ ቀና ሳይል ጠየቃት።

«ለመሆኑ ሐይቁ እንዴት ነበር? ረጅሙ ኩርባ ላይ።»

የሥራ አስኪያጁ ምክር ትዝ ሳይላት አልቀረም፤ ከንፈሯ አንድ የሚያምር ነገር ሊል ተንቀሳቅሶ ቆመ።

«አላየሁትም፣ ጋሼ» አለች። «ሰዎቹ ሲተነፍሱ ሰምቻለሁ።»

አጎቴ «እሺ» አለ። የጎማውን የአየር መለኪያ አቀበላትና ወደ ሌላኛው ጎማ ዞረ። ወደ አስጎብኚው የተመለሱት ከተማው ባዶ በቀረበት ሰዓት ነው።

ራት ላይ አልበላችም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፣ እሱንም መመለስ አቃተኝ አለችኝ። አጎቴ ከዚህ በፊት በሌሎች ወጪ ሹፌሮች ምትክ ሦስት ሰው ፈትኖ ሦስቱንም እንደጣለ ሹፌሮቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ ስለፈጠኑበት ነው እያሉ ያሙታል። በኋላ ከአክስቴ እንደሰማሁት ግን አንዳቸውም አልፈጠኑም። ሦስቱንም ያንኑ ጥያቄ ጠይቋቸው ነበር፤ ሦስቱም ሐይቁን አሳምረው ገለጹለት። አንደኛው እንዲያውም ደሴቱ ላይ የወፍ ጎጆ አየሁ ብሏል። የወፍ ጎጆ ያየ ሰው መንገዱን መቼ አየው፣ ብሎ ነው አጎቴ ያን ቀን ቤት የገባው።

እሁድ ስንመለስ ጉሙ ገና አልተነሳም ነበር። በመልስ ጉዞ ሚኒባሷ በገደሉ በኩል ነው የምትሄደው፤ ከለላው ከአጎቴ መስኮት ክንድ አይርቅም። ያ ጎማ የታከከውም እዚሁ ነው። እሷ ሬዲዮውን አጠፋች፤ ክላክስ አደረገች፤ ገባች። እኔ ከኋላ ሆኜ የማየው የአጎቴን ማጅራት ነው። ያን ማጅራት ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ መኪና ውስጥ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ነው።

የኩርባው እኩሌታ ላይ አጎቴ ዞረ።

መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ፣ ግንባሩ መስታወቱን እስኪነካ ድረስ። ጉሙ ከውሃው ላይ እየተነሳ እንደ ነጠላ ይሳብ ነበር። ጉልበቱ ላይ ያለው እጁ አንድ ጣት አነሳ፣ ሁለተኛ ጣት አነሳ፤ ሦስተኛው ጣት ተነሳና ቆይቶ ተመልሶ ተኛ። ምንጣፉን አየሁት። እግሩን ከላዩ ሰብስቦ አጣጥፎታል።

እሷ አላየችውም፤ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር።

ድርጅቱ ግቢ ስንገባ ወረቀቱን የሚኒባሷ አፍንጫ ላይ ዘርግቶ ሞላው። ምልክት የሚደረግባቸው አሥራ ሁለት ትናንሽ ሣጥኖች አሉት። እነሱን ትቶ ከታች «አስተያየት» የሚለው ቦታ ላይ «ሐይቁን አየሁት» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ይዞ ወጣ፤ ይሄ ምን ማለት ነው፣ ጋሽ እንቁላል፣ አለፈች ነው ወደቀች ነው አለው። አጎቴ አለፈች አለ፤ ብዕሩን ተቀብሎ አሥራ ሁለቱን ሣጥኖች አንድ በአንድ፣ እንደ ኩርባዎቹ፣ ሳይቸኩል ሞላቸው። እሷ የሚኒባሷን ቁልፍ በእጇ ይዛ ቆማ ነበር። ልትመልስለት ዘረጋችው። የያዝሽውን ያዥ አላት።

ቤት ስንደርስ አክስቴ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። አጎቴ ጫማውን ሳያወልቅ ከጎኗ ተቀመጠ።

«ሁለት ናቸው» አላት።

«ምኖቹ?»

«ደሴቶቹ። ሦስተኛዋ ከየብስ የወጣች ሹል መሬት ናት፤ ከሩቅ ነው የምታሳስት።»

አክስቴ እጇ ላይ ያለውን ሸሚዝ አስቀመጠች። ትንሽ አየችው። እንዴት እንዳየ አልጠየቀችውም፤ ገብቷታል።

«ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በአንድ ደሴት አታለልከኝ በለኛ» አለች።

«ተሳፋሪ ነው ያታለለን።»

«ተሳፋሪውንም አንተንም አላምንም። ሄጄ ራሴ እቆጥራለሁ።»

በማግስቱ አጎቴ ወደ ድርጅቱ ሄዶ ለቅዳሜ ሁለት ወንበር አስያዘ፤ አንዱ በመስኮት በኩል፣ አንዱ ከጎኑ። የመስኮቱ ለማን እንደሆነ ሲጠይቁት ለባለቤቴ አለ፤ እኔ አይቼዋለሁ።