አማከለችና የመናፈሻው ሁለት በሮች

አማከለች ከዱራሜ ወደ አዲስ አበባ የመጣችው ደገፋን አግብታ ነው። ደገፋ ከነፋስ ስልክ ወረድ ብሎ ባለው መናፈሻ አትክልተኛ ነበር። እሷም ጥቂት ቆይታ እዚያው ቲኬት ቆራጭ ሆና ተቀጠረች። በደርግ ዘመን እሑድ ሲሆን ሰው ወደዚያ መናፈሻ ይጎርፍ ነበር፤ ሙሽሮች ፎቶ ለመነሣት፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘመድ ከተማ ለማየት፣ ፈረንጆችም ጽጌረዳውን ለመጎብኘት ይመጣሉ። አማከለች በሩ ላይ ቆማ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ስትል የገዛ ቤቷን የከፈተች ነበር የምትመስለው። "ይሄን ሁሉ የተከለው ባሌ ነው" ማለትም አይቀርላትም።

በ1981 ዓ.ም. በበጋው፣ ጎረቤት አገሮችን ሲያዳርስ የከረመው ማጅራት ገትር ከተማው ውስጥ ገባ። መናፈሻውም ሰው እንዳይሰበሰብበት ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ደገፋ ራሱን አመመው። በማግስቱ አንገቱን ማዞር አቃተው። አማከለች ጎረቤት ጠርታ፣ በቃሬዛ አሸክማ ሆስፒታል አደረሰችው። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ከተዘጋ ዓመታት ስላለፉ፣ አብረዋት የሚያመልኩ ሴቶች ቤቷ ተሰብስበው፣ ድምፃቸው ውጪ እንዳይሰማ በሹክሹክታ ጸለዩለት።

ደገፋ ሕይወቱ ተረፈች። ጆሮው ግን መስማት አቆመ።

ቤት ከገባ በኋላ ደጅ መውጣት ጠላ። ሰው ሲያናግረው አፍጥጦ ከማየት በቀር መልስ ስለሌለው ያፍራል።

"ደንቆሮ አትክልተኛ ማን ይፈልጋል?" አላት አንድ ቀን።

አማከለች ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችና ከንፈሯን እንዲያይ ቀስ ብላ፣ "ጽጌረዳ በጆሮ አይኮተኮትም" አለችው።

ደገፋ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየችው ያን ቀን ነው።

ፋሲካ ሲቃረብ ክትባቱ ብዙ ሰው ደርሶ በሽታው ረገብ አለ። የመናፈሻው ኃላፊ ጋሼ ላቀው ሠራተኞቹን ሰበሰቡ።

"ክፈቱ ተብለናል" አሉ። "የሰርግ ወቅት ነው፣ ሰዉም ቤት ውስጥ ታፍኖ ከርሟል፤ መክፈቱስ ደስ ይለኛል። ግን እንደ ድሮው ተጋፍቶ ከገባ በሽታውን መልሰን መቀስቀሳችን ነው። እስቲ ምከሩ።"

ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ፣ ሲስተር ዓለሚቱ፣ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። "በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው" አለች። "ሜዳ ላይ ተራርቆ የሚንሸራሸር ሰው ብዙ አያሰጋኝም። የሚያሰጋኝ በር ላይ መተፋፈጉ፣ መናፈሻው መሃል ያለው ጠባብ ድልድይ ላይ መተላለፉ፣ አንዱ በጠጣበት ኩባያ ሌላው መጠጣቱ ነው።"

አማከለች እጇን አወጣች። "ታችኛውን በር ብንከፍተውስ? በላይ ገብተው በታች ከወጡ ድልድዩ ላይ ፊት ለፊት አይገናኙም። አንዱ ቡድን ሳይወጣ እኔ ሌላውን አላስገባም።"

"መውጣቱን ከላይ ሆነሽ በምን ታውቂያለሽ?" አሉ ጋሼ ላቀው።

"ደገፋ ታች ይቆማል። ሲወጡ እጁን ያነሣልኛል።"

ጋሼ ላቀው አመነቱ። "ይችላል እንዴ? ገና ከሕመም መነሣቱ ነው..."

"ዓይኑ ደህና ነው፣ ጋሼ።"

ሲስተር ዓለሚቱ ፈገግ አለች። "የኩባያውን ነገር ለእኔ ተዉት። ያልተከተበ ሰው ከመጣም በሩ ላይ ቁጭ ብዬ እወጋዋለሁ" አለች። እንዳለችውም አደረገች። የመናፈሻው ሻይ ቤት ዕቃ በፈላ ውኃ መቀቀል ጀመረ፤ በሩ ዳር ከግራር ሥር ለእሷ ጠረጴዛና ወንበር ወጣላት።

መናፈሻው የተከፈተው በዳግም ትንሣኤ እሑድ ነው። ደገፋ የታጠበ ካፖርቱን ለብሶ ታችኛው በር ላይ ቆመ። ጠዋቱ በሰላም አለፈ። ከሰዓት በኋላ ግን ከብስራተ ገብርኤል አንድ ትልቅ ሰርግ መጣ፤ ሙሽሮቹ በመኪና፣ አጃቢው በሁለት አውቶቡስ፣ ከበሮው እየተመታ። ከፊት የወረደው የሙሽራዋ አጎት ጓድ ግዛው ነበር፤ በአካባቢው ስሙ የሚፈራ ካድሬ።

"በሩን ክፈቺው!" አላት።

"እከፍታለሁ፣ ጓድ። መጀመሪያ ሙሽሮቹና ሚዜዎቹ ይግቡ። አጃቢው ጥላው ሥር አረፍ ይበልና በየተራ አስገባለሁ።"

"ማን መሆኔን አላወቅሽም መሰለኝ።"

ከበሮው ቆመ። በዚያ ዘመን እንዲህ የተባለ ሰው ቤቱ ሳይገባ ሊቀር ይችላል። አማከለች ደግሞ ቤቷ የሚጸለይባት ሴት ናት፤ ስሟ ከተነሣ ብዙ ነገር አብሮ ይነሣል። ከበሩ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

"አውቅዎታለሁ፣ ጓድ" አለች። "እርስዎም ባሌን ይወቁልኝ። ያ ታች ቆሞ የሚታይዎት ነው። በዚህ በሽታ ጆሮውን አጥቷል። ይሄ ሁሉ ዘፈን ሲዘፈን እሱ አይሰማም። ከእነዚህ ልጆች አንዱ እንደሱ እንዲሆን በእኔ በር አላሳልፍም። ከፈለጉ እኔን ያንሡኝና ሌላ ሰው ይክፈትልዎ።"

ጓድ ግዛው ቁልቁል ተመለከተ። ደገፋ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል የመጨረሻዎቹን ጎብኚዎች ሸኘና ክንዱን ወደ ላይ ዘረጋ። ሙሽራዋ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረገች።

"አጎቴ" አለች፣ "እሷ እንዳለችው ይሁን።"

ሰውየው ቆቡን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። ከዚያ ወደ አጃቢው ዞሮ፣ "ምን ትገፋፋላችሁ? ጥላው ሥር ግቡ፣ ተራ ጠብቁ!" ብሎ ጮኸ። ራሱም ከሁሉም ኋላ ገባ። ሲያልፍ አማከለችን ቀና ብሎ አላያትም፤ ታችኛው በር ሲደርስ ግን ደገፋን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣው።

በዚያን ዕለት የመናፈሻው ፎቶ አንሺ ሙሄ ከሁሉ በላይ ተደሰተ። "እትዬ አማከለች፣ የሰው ክርን ያልገባበት የሙሽራ ፎቶ ገና ዛሬ አነሣሁ!" እያለ ዜኒት ካሜራውን ሳመ።

ደገፋም ከዚያ ወዲህ ደጅ መውጣት አልፈራም። ጠዋት ይኮተኩታል፣ ከሰዓት በሩን ይጠብቃል። ክረምቱ ገብቶ በሽታው ሲጠፋ ሲስተር ዓለሚቱ መጥታ፣ መናፈሻው ውስጥ በበሽታው ተይዞ ወደ ጤና ጣቢያው የመጣ ሰው አለማየቷን ለሁሉም ነገረቻቸው።

ጥቂት ቆይቶ የከተማው መናፈሻ ሠራተኞች በአንድ አዳራሽ ሲሰበሰቡ ጋሼ ላቀው አማከለችን መድረክ ላይ አወጧት። ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ከፊት ወንበር የተቀመጠውን ባሏን አየችና ጀመረች።

"አማከለች እባላለሁ። በር ላይ ነው የምሠራው። እንዴት እንደከፈትን ልንገራችሁ።"