ጥቁሯ ሪባን

ደብረ ማርቆስ ነርስነት ስማር፣ አንድ ቀን «አውቶቡስ ተገልብጧል» ተብሎ ሜዳ ላይ የአደጋ ልምምድ አደረግን። ጓደኞቼ ቁስለኛ መስለው ተጋደሙ፤ እኔ እየዞርኩ እጃቸው ላይ ሪባን አስራለሁ፦ ቀይ ቶሎ መታከም ላለበት፣ አረንጓዴ ቀላል ለተጎዳ፣ ጥቁር ለሞተ። ከዳር አንዲት የማላውቃቸው እናት ተኝተዋል።

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ምን ሆነው ነው?»

«ጉልበቴን ነዋ። ሰው ተኝቶ ሲታከም አይቼ ተራ ያዝኩ።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ አረንጓዴውን ላስርላቸው ስል እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ጥቁሩን እሰሪልኝ ልጄ፤ የባሌ ተዝካር ገና አልወጣም፣ ሐዘን ላይ ነኝ።»

እንዴት እምቢ ልበል? አሰርኩላቸው።

መምህራችን መጣና ሪባኗን ብቻ አይቶ «እኚህ ሞተዋል፣ እለፏቸው!» አለ።

እማማ ቀና አሉ። «የሞተውስ ባሌ ነው፤ እኔን ያመመኝ ጉልበቴ ነው!»