እኩያዬ ናት

ይህን ለነፍስ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ጾም በገባ ቁጥር "ሌላስ?" ይሉኛል፤ "ሌላማ ሐሜት ነው አባቴ" እላለሁ። ሐሜቱም እውነት ነው፣ አይጎድለኝም። ከሐሜቱ ሥር የደበቅኩትን ግን ሳላወጣ ይኸው ሃምሳ ሞላኝ። እስቲ የምታነቡ ሁሉ ለዛሬ የነፍስ አባት ሁኑልኝ። ንስሐውን ግን አታቅልሉልኝ።

አስካለ እባላለሁ። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ብሩክሊን ሴንተር እኖራለሁ፤ ኤርፖርት ውስጥ ሽማግሌ መንገደኞችን በዊልቸር እገፋለሁ። ሳቂታ ስለሆንኩ ይወዱኛል። ሳቄን ቀድማችሁ እንድታውቁት ፈልጌ ነው፤ ያን ክፉ ሥራ የሠራሁትም እየሳቅኩ ነው።

ፋናዬ የአክስቴ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞትባት አዲስ አበባ እኛ ቤት መጥታ አደገች። እኔ ሃያ አራት ሲሆነኝ እሷ ገና አሥራ ሦስት ነበረች፤ በቁመት ግን ያኔውኑ በልጣኛለች። "እትዬ" ነበር የምትለኝ። እትዬ ጸጉሬን ሥሪኝ፣ እትዬ ይሄን ሒሳብ አሳዪኝ፣ ቀኑን ሙሉ እትዬ።

አንድ ደላላ ቤሩት ውስጥ የቤት ሠራተኛ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ ብሎ ለእናቴ ነገራት። ተራው የእኔ ነበር። እሺ አልኩ፣ ሻንጣም ተገዛልኝ። በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን ልጅ ከቤሩት ተመለሰች። ልጠይቃት ገብቼ ልብስ ስትቀይር ክንዷን አየሁት። በካውያ ተተኩሷል፤ የካውያው ጫፍ ቅርጹ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። "ለማንም እንዳትነግሪ" አለችኝ። አልነገርኩም። ለእናቴ አልነገርኩም፣ ለፋናዬም አልነገርኩም።

በማግስቱ ፋናዬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ጠብቄ አቀፍኳት። "ዕድሌን ለአንቺ ሰጠሁሽ!" አልኳት። አውሮፕላን ላይ ትወጫለሽ፣ ባሕር ታያለሽ አልኳት። እናቴንም "ትልቅ ልጅ ናት እኮ፣ ከእኔ ትረዝማለች" ብዬ ያሳመንኳት እኔ ነኝ። ፈርቼ እንደሆነ ማን ያውቃል? እኔ አውቃለሁ።

መታወቂያ እንድታወጣ ቀበሌ ይዣት የሄድኩትም እኔ ነኝ። ጸጉሯን እንደ ትልቅ ሴት አስያዝኳት፣ ከንፈሯን ቀለም ቀባኋት፣ ቀሚሴን አለበስኳት። በሩ ላይ ስንደርስ "ከአሁን ጀምሮ እትዬ እንዳትዪኝ። አስካለ በይኝ" አልኳት። "አስካለ" አለችና አፏን በእጇ ያዘች፤ የተሳደበች መሰላት። ውስጥ የነበረው ሰውዬ ፊቷን አየት አድርጎ "ይህቺማ ልጅ ናት" አለ። "በማርያም! እኩያዬ ናት። በአንድ ሳምንት ነው የተወለድነው" ብዬ ማልኩ። ወደ እሷ ዞሮ "እውነት ነው?" ሲላት "አዎ፣ እት..." አለችና በሳል አዳፈነችው። ከዚያ ወጥተን በሳቅ ልንሞት ነበር። ያሳቅኳት እኔ ነኝ። የማልኩት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ዓመት የጨመርኩባት እኔ ነኝ። ጨመርኩባት ነው የሚባለው ወይስ ወሰድኩባት?

ፋናዬ የቤሩት ነገር ሲነሳ የምታወራው የሚያስቀውን ነው። ማዳም ስትወጣ ከቤቱ ልጆች ጋር ገመድ ትዘል ነበር። አንድ ቀን ማዳም ድንገት ደርሳ "የሃያ አራት ዓመት ሴትዮ አታፍሪም?" ብላ ጮኸችባት። ይህን ስታወራ ሰው ሁሉ ይንከተከታል፤ ከሁሉም ጮክ ብዬ የምስቀው እኔ ነኝ። ሳትስቅ የነገረችኝ ግን አንድ ነገር አለ። የወር አበባዋ መጀመሪያ የመጣው እዚያ ነው። የምትሞት መስሏት እያለቀሰች ማዳምን ብትጠይቃት "በዚህ ዕድሜሽ አታውቂም?" ብላ ሳቀችባት። ያን ጊዜ እኔ የት ነበርኩ? ሙሽራ ነበርኩ። ቬሎዬ ጠበበኝ ብዬ አኩርፌ ነበር።

ኋላ አንድ የሚኒሶታ ታክሲ ነጂ አግብቷት እዚህ አመጣት። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ አበባ ይዛ ኤርፖርት የተቀበለችኝ እሷ ናት። "አስካለ!" ብላ ተጠመጠመችብኝ። ቀበሌ በር ላይ እትዬ አትበዪኝ ያልኳትን አልረሳችም።

ያ ዕድሜ እዚህም አልለቀቃትም። ፋናዬ ገና ሠላሳ ዘጠኝ ናት፣ ወረቀቷ ግን ሃምሳ ይላል። ቤተ ክርስቲያን ወጣቶቹ አንቱ ይሏታል። ሐኪሟ ጉልበቷን እያየ ይደነቃል። እሷም "ከእኩዮቼ ቀድሜ ሪታየር አድርጌ ጡረታዬን እበላለሁ" እያለች ትቀልዳለች።

ባለፈው ቅዳሜ ቀትር ላይ ልጇ ሊድያ ቡርንስቪል ባለው አፓርትማቸው፣ ፓርቲ ሩም ውስጥ፣ ለሁለታችን የሃምሳ ዓመት ልደት ደገሰች። ኬኩ አንድ ነው፣ ስሙ ሁለት። በአንድ ሳምንት የተወለዱ ተብለን! ፋናዬ በእስክስታ ወጣቶቹን አደከመቻቸው፤ እኔ ጉልበቴን እያሸሁ አጨበጨብኩ።

"ማም፣ ስፒች! ፕሊስ!" አለች ሊድያ።

ፋናዬ ላቧን እየጠረገች ተነሳች። "እዚህ የደረስኩት በአስካለ ነው" አለች። "የራሷን ዕድል ለእኔ ሰጠችኝ። እሷ ባትሰጠኝ ሊድያንም እናንተንም አላገኝም ነበር።" እልልታው ቀለጠ።

ሰው ሲበተን ጓዳ ገብተን ሳህን እያጠብን ነገርኳት። "ዕድል አይደለም የሰጠሁሽ" አልኳት። "የጎረቤታችንን ልጅ ክንድ አይቼ ነው። በካውያ አቃጥለዋት ነበር። ፈርቼ ነው አንቺን የላክሁሽ።"

ቧንቧውን ዘጋችው።

"እኔም እኮ ፈርቼ ነበር" አለች። "አንቺ ስትስቂ አይቼ ነው የሄድኩት።"

ልጅ ነበርኩ ልበል? ልጅስ እሷ ነበረች። ድሆች ነበርን ልበል? ድህነቱ የሁላችን ነበር፣ የሄደችው እሷ ናት። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት "ዛሬ አትበዪኝ" አለች። ብርጭቆዎቹን አደራረቅን።

ከዚያ ድንገት "በሚቀጥለው ሳምንት አፖይንትመንት አለኝ" አለችኝ።

"የምን?"

"ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው አንጀቱ በካሜራ ይታያል ብለው እየደወሉ አስቸገሩኝ።" ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ጣለችው። "ይሄኛውንማ አንቺ ትሄጂልኛለሽ። ተራው ያንቺ ነው!"

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ከዚያ ነው እኔ የሳቅኩት፤ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ሰኞ ዕለት ደውዬ ለራሴ ቀጠሮ አስያዝኩ፤ ለካ እኔም ሃምሳ ሞልቶኛል።

ያን ቅዳሜ ስወጣ ፓርኪንግ ድረስ ሸኘችኝ። መሬቱ ላይ በረዶ ግግር ሠርቷል። የመኪናዬን በር ዘጋችልኝና መስኮቱን አንኳኳች፤ ዝቅ አደረግኩት።

"ያንሸራትታል" አለች። "ቀስ ብለሽ ንጂ፣ እትዬ።"

ይቅር ማለቷ ነው? ወይስ ታላቅ ሆነሽ ሳለ እኔን ከፊት ሰደድሽኝ ማለቷ? አላውቅም፣ እናንተም አትንገሩኝ። ቀስ ብዬ ነዳሁ።