ያስቀረሁት የአሸንዳ ምክር

ናይሮቢ ከገባሁ ሁለት ወር ሳይሞላኝ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር በተከራየሁበት ግቢ ሥራ ተሰጠኝ። ከውኃ አገልግሎቱ በስልክ የሚመጣውን የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ አሳጥሬ በአማርኛ ለግቢው ሰው እልካለሁ። የሾሙኝ ትልቁን ቤት የያዙት፣ እትዬ የምላቸው ሴት ናቸው። «ጋዜጠኛ አይደለህ? ታዲያ ለመቼ ልትሆነን ነው?» አሉኝ።

በመጋቢት አንድ ማስታወቂያ መጣ። ዋናው መስመር ስለሚጠገን ከዐርብ እስከ ሰኞ ውኃ አይኖርም። መጨረሻው ላይ ምክር ነበረበት፤ ዝናቡ ተቃርቧልና አሸንዳችሁን ጥረጉ፣ የመጀመሪያውን የጣራ እጣቢ ወደ ታንከር አታስገቡ ይላል። ጽሑፍ ሲረዝም ከታች መቁረጥ የሙያ ልማዴ ነው። ደግሞ በመጋቢት ማን ስለ ክረምት ያወራል? ቆረጥኩት።

እትዬ ታንከራቸውን ሞልተው ተዘጋጁ። እሑድ የትልቋ ልጃቸው ቅልቅል ነበር፤ የሙሽራው ቤተሰብ በሙሉ ይመጣል። ቤቱ ፕሮቴስታንት ስለሆነ ጾሙ አላገዳቸውም፤ ሃያ ዶሮ ታርዷል። የእኛ ሰው ዶሮ ሲያጥብ ውኃ እንዴት እንደሚፈጅ የታወቀ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ታንከሩ ባዶውን ቀረ፤ ዶሮው ግማሹ ገና አልታጠበም። ያዘዙት የውኃ ቦቴ ሹፌር ከጠዋት ጀምሮ «ደርሻለሁ» እያለ ዌስትላንድስ ላይ መንገድ ተዘግቶበታል።

ሰማዩ ጠቆረ። እትዬ ቀና ብለው ጣራውን አዩ።

«አሸንዳው ቅጠል ሞልቶታል! ማስታወቂያው ስለዚህ ምንም አላለም?»

«ብሎ ነበር።»

«እና?»

«ቆረጥኩት። ዝናብ በሰኔ ነው ብዬ።»

«ሰኔ! እዚህ በመጋቢት ነው እንጂ! አንተ ሰውዬ፣ ሻንጣህን ይዘህ ስትመጣ ክረምቱንም ይዘህ መጣህ?»

ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ሳቁ። እኔ መሰላል ፈለግሁ። እዚሁ ያደገችው ትንሿ ልጃቸው ከሥር ይዛልኝ «ፖሌ ፖሌ ጋሼ! ኬርፉል!» ትላለች፣ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ቀስ እንድል፤ እኔ በእጄ የበሰበሰ ቅጠል እዝቃለሁ። መጨረሻውን ጥግ ስጠርግ ዝናቡ ወረደ።

ከመሰላሉ ወርጄ የአሸንዳውን ቱቦ ከታንከሩ አፍ አውጥቼ ያዝኩት። ውኃው እንደ ሻይ ቀልቶ መሬት ላይ ይፈሳል።

«አስገባው እንጂ!» ጮኹ እትዬ። «ቢያባራስ?»

«የመጀመሪያው አይገባም ይላል፣ እትዬ።»

«አሁን ነው ማስታወቂያ ማክበር የመጣልህ?»

ያባራ ይሆናል ብዬ እኔም ፈርቼ ነበር። ግን አንዴ ቆርጬ አይቻለሁ። በመዳፌ እየተቀበልኩ አየሁ፤ ቀይ፣ ከዚያ ደፍረስ ያለ፣ ከዚያ የእጄ መስመር በግልጽ የሚታይበት። ያኔ ቱቦውን ወደ ታንከሩ መለስኩት። ባዶው ታንከር እንደ ከበሮ ጮኸ። እትዬ እልል አሉ፤ ሴቶቹ ድስት፣ ሳፋ፣ ባልዲ ይዘው ወጡ፣ ትንሿ ልጅ በባዶ እግሯ ዝናቡ ውስጥ ጨፈረች። ዶሮው እንደ ወጉ ታጠበ፤ እንዲያውም አንድ ዙር ተጨመረለት።

እሑድ እንግዶቹ በልተው ሲመርቁ፣ እትዬ የመጀመሪያውን የዶሮ እግር ለእኔ አወጡ። «ለአሸንዳ ጠራጊያችን» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር በመስኮት ይጠሩኛል።

«ጋዜጠኛው! ከታች ጀምረህ አንብብልኝ።»