ትከሻዋ ያልተነቃነቀ ዕለት

ታናሽ እህቴ በአውሮፓ በአንድ ትልቅ ቴአትር ቤት ባሌት የደነሰች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። አሰላ ውስጥ ይህን ስናገር ባሌት ምንድን ነው ይሉኛል። በጣት ጫፍ ቆሞ መደነስ ነው እላለሁ። ከዚያ በላይ ማስረዳት አልችልም፤ እኔ ስትደንስ ያየኋት በልጅነቷ ብቻ ነው።

በሄደችበት አገር የዳንስ ጫማው ሁሉ የተሠራው ለነጭ እግር ነበር። እሷ በወፍራም ሻይ እየዘፈዘፈች የራሷን መልክ አስያዘችው። አንድ አለቃ ፊቷን በዱቄት እንድታነጣ ጠየቃት፤ እምቢ ብትለው ኋላ ረድፍ ላይ አቆማት። እሱ ሲነሳ የተተካው ወደ ፊት አወጣት፤ ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስም ከፊት ነበረች። አሁን ልጆች ታስተምራለች።

የጀመረችው ግን እዚሁ ነው። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም የውጭ አገር የእርሻ ባለሙያዎች አሰላ ነበሩ። ባሌት ታውቅ የነበረች የአንዱ ሚስት፣ ሥራ መፍታት ቢሰለቻት፣ ከባለሙያዎቹ የዘር መጋዘን አንዱን ክፍል አስጠርጋ የሠራተኞቹን ሴቶች ልጆች ታስተምር ጀመር። አባባ እዚያ ጸሐፊ ስለነበሩ እህቴም ገባች። ልብሷ ገብስ ገብስ እየሸተተ ትመጣ ነበር። ሙዚቃ በሰማች ቁጥር ትከሻዋ አልታዘዝ ስላለ፣ ፈረንጇ በሁለቱም ትከሻዋ ላይ የስንዴ ከረጢት እያስቀመጠች አስደነሰቻት። እስክስታው በዚህ ተገታ።

አንድ ጊዜ የፈረንጇ የቀድሞ የባሌት አስተማሪ አዲስ አበባ መጣች። እሑድ አሰላ ወርዳ ልጆቹን ልታይ፣ የወደደቻትንም ወደ አገሯ ወስዳ በነፃ ልታስተምር ቃል ገባች። በዚያው ሳምንት መጀመሪያ ጮሌ ከተማ ይኖር የነበረው አጎታችን ሞተ።

አባባ ቀብረው ሲመለሱ ታላቅ እህታቸውም አብረው መጡ፤ የአሰላ ወዳጅ ዘመድም ለቅሶ ይደርስ ጀመር።

“ወንድሜን ቀብሬ ልጄ ስትጨፍር ሰው ምን ይለኛል?” አሉ አባባ። ነገሩ በዚህ አለቀ።

እህቴ አልተከራከረችም። ለቅሶ ቤት መሆኑ በጃት፤ እንዳሻት አለቀሰች፣ ምን ሆንሽ ያላትም የለም። የጠረጠሩት አክስታችን ብቻ ናቸው።

“ይህቺ ልጅ አጎቷን ይህን ያህል ታውቀው ኖሯል?” አሉ። እናቴ እውነቱን ነገረቻቸው።

“እስቲ ነይ፣ ጭፈራሽን አሳዪኝ” አሏት አክስታችን።

“እትዬ፣ ሐዘን ቤት ውስጥ?” አሉ አባባ።

“ሳላይ ልፍረድ እንዴ?”

እህቴ በጥቁር ቀሚሷ ለቀስተኛው መሃል ቆመች። ሙዚቃ የለም። ተረከዟ ተነሣ፣ ክንዷ ቀስ ብሎ ወጣ፣ አንድ እግሯን ወደ ኋላ ዘርግታ ቆየች። ፊቷ ፈገግ አላለም።

“ሽመላ!” አለች የአርሲ ተወላጅ የሆነችው ጎረቤታችን። “ረግረግ ላይ እንዲህ ነው የሚቆመው።”

አክስታችን ዓይናቸውን ከትከሻዋ አልነቀሉም። ከዚያ ወደ አባባ ዞሩ።

“አንተ፣ ይሄን ነው ጭፈራ ያልከው? ትከሻዋ አልተነቃነቀ፣ ያጨበጨበ የለ። ልጅቷ ቆመች እንጂ መቼ ጨፈረች?”

“ሲርባ ሚቲ” አለች ጎረቤታችን በኦሮምኛ፤ ጭፈራ አይደለም ማለቷ ነው።

“ዓለም ሁሉ ዳንስ ይለዋል እኮ፣ እትዬ!” አሉ አባባ።

“እንግዲያ ዓለም ተሳስቷል።”

አባባ ሊስቁ ቃጣቸውና ለቀስተኛውን አይተው ተዉት።

እሑድ እንግዳ መቀበሉን ለአክስታችን ትተው እህቴንና እኔን ራሳቸው መጋዘን ወሰዱን። ዳንሱ ሲያልቅ ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። አባባ ሐዘንተኛ ናቸውና እጃቸውን ከጭናቸው ላይ አላነሡም። እንግዳዋ አስተማሪ በአስተርጓሚ “እወስዳታለሁ” አለች።

“አገርሽ ይበርዳል?” ብለው ጠየቋት።

ከአሰላ ይብሳል አለቻቸው።

ሌላ አልጠየቁም። በማግስቱ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ ሱቅ ወጥተው የሹራብ ክር ገዝተው ገቡ።