ሐሚዳ ቢላዋ ስትገዛ

ሐሚዳ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ቢላዋ ልትገዛ ወጣች። ቤቷ ቢላዋ ጠፍቶ አይደለም፤ የሽንኩርቱም የሥጋውም አላት። የፈለገችው ወገቧ ላይ የሚውል፣ ትንሽ፣ ክፉ ቀን ቢመጣ የማያሳፍራት ነገር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሟች ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ገርጂ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ሰው ገና ካልሰፈረበት ሜዳ ማዶ፣ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ትቶላት አረፈ። እሷ ሾላ ገበያ ሻርፕና ሽርጥ ትሸጣለች። መደቧ በር ስለሌለው ያልተሸጠውን በየቀኑ ጠቅልላ ተሸክማ ትመለሳለች። ከታክሲ ወርዳ ሜዳውን ለማቋረጥ ሃያ ደቂቃ ይፈጅባታል፤ መሀሉ ላይ ጎርፍ የቦረቦረው ሸለቆ አለ፤ እዚያ የገባን ሰው ከወዲህም ከወዲያም የሚያየው የለም። በ1989 መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ አንድ ሰው እዚያ ሸለቆ ውስጥ ከኋላዋ መጥቶ ገፍትሮ ጣላትና ጥቅሏን ይዞ ሄደ። ፊቱን እንኳ አላየችውም።

ወሬው ኮምቦልቻ ያለው ታላቅ ወንድሟ ኻሊድ ጆሮ ገባ። ኻሊድ ስልክ ላይ ቃል አያበዛም። "ለጥቅምት መጨረሻ እመጣለሁ። ያንን ሜዳ አሁንም ብቻሽን የምታቋርጪ ከሆነ አንቺንም ሳናንም ይዤ ነው የምመለሰው" አላት። ሳና ልጇ ናት፤ ስድስተኛ ክፍል፣ ከክፍሏም አንደኛ። ሐሚዳ ወንድሟን ትወደዋለች። የወንድም ሚስት ማጀት ውስጥ ተጠግቶ መኖር ምን እንደሚመስል ግን ልጅ ሆና አይታዋለች፤ ሞቷን ትመርጣለች።

ሾላ ብረት ቀጥቃጮቹ ዘንድ ላጲሶ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቢላዋ ያወጣሉ።

"ጋሼ ላጲሶ፣ ትንሽ ቢላዋ ፈልጌ ነበር።"

"ለምን ይሆንሻል?"

"ለክር መቁረጫ።"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። መዘረፏን ገበያው በሙሉ ያውቃል። "ይሄ ክር ጢም አለው?" አሉ። ሐሚዳ ሳትወድ ሳቀች፤ ከተዘረፈች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው የሚታጠፍ፣ እጀታው ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ ሰንጢ ላይ ነው። ሽማግሌው ጥቅሏን በግራዋ አስያዟትና "በይ በአንድ እጅሽ ክፈቺው" አሏት። ታገለችው፤ ጥፍሯ ተሰበረ። "ይኸው፤ አንቺ እስክትከፍቺው ክርሽ መገናኛ ደርሷል" ብለው መልሰው አስቀመጡት። ቀጥላ በሁለት ወገን የተሳለ ጩቤ አነሳች፤ አገሯ የወንዶች ወገብ ላይ የምታውቀው ዓይነት። እሱንም ከለከሏት። "ፖሊስ ቢፈትሽሽ ምን ልትዪ ነው? ጩቤ ሌላ ሥራ የለውም። በአንድ ወገን የተሳለ ከሆነ ብርቱካንም ይልጣል።"

ከሣጥኑ ሥር የማይታጠፉ፣ ስለታቸው ከመዳፍ የማይበልጥ፣ የቀንድ እጀታ ያላቸው ሦስት ቢላዎች አወጡ። ለእሷ ሦስቱም አንድ ናቸው። ሽማግሌው እጇ ላይ ውኃ አፈሰሱባትና ተራ በተራ ጨብጣ ጣውላ እንድትወጋ አደረጓት። በመጀመሪያው እጇ ተንሸራቶ ጣቷ ለጥቂት ተረፈ። ሁለተኛው እጀታው ወፍሮባት አጥብቃ መጨበጥ አልቻለችም። ሦስተኛው ከስለቱ ሥር ጉብ ያለ ነገር አለው፤ እጇ እዚያ ሲደርስ ቆመ።

"የፈራ ሰው እጁ ያልበዋል" አሉ ላጲሶ። "ጉብታው ከሌለ የምትቆርጪው ራስሽን ነው።"

ቢላዋውን ከቆዳ አፎቱ ከትታ ዘቅዝቃ አራገፈችው፤ አልወደቀም። ሒሳቡን ከፍላ ልትሄድ ስትል ሽማግሌው ጠሯት። "ስሚኝ እህቴ፤ መሮጥ ከቻልሽ ሩጪ። ይሄ መሮጫ ሲጠፋ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ቢላዋው መቀነቷ ሥር ዋለ። ገበያ ላይ ሲባጎ ይቆርጣል፣ የሻርፕ ጫፍ ያስተካክላል፣ ብርቱካን ይልጣል። ጠዋት ጠዋት ጓሮ ወጥታ መምዘዝ ትለማመዳለች፤ በዚህም ሁለት ቀሚስ ቀደደች። አጥር ላጥር የምትጎራበታት ሙሉ የምትባል ሴት በቀዳዳ እያየች ጉድ አለች። ሙሉ ደግሞ ክፋት የላትም፤ የሰማችውንና ያየችውን ማሳደር ብቻ አትችልም። በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ስለ ሐሚዳ ቢላዋ ያወራ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሷ አልሰማችም።

ጥቅምት ሲጋመስ አንድ ሰውዬ መጣ። ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ረዘም ያለ ሰው፤ ከአስፋልቱ ጀምሮ ሃያ ርምጃ ያህል ርቆ ይከተላታል። ስትፈጥን ይፈጥናል። ጫማዋን ለማሰር ብትቆም እሱም ይቆምና ሰማይ ሰማይ ያያል። ሰፈሩ መግቢያ ላይ ሲደርሱ ወደ ግራ ይታጠፋል። እንዲህ ስምንት ቀን ሆነ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣች።

ኻሊድ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ለአቀባበሉ የሚሆን ዶሮ ገዛች። ጥቅሏን በትከሻዋ፣ እግሩ የታሰረ ዶሮዋን በግራ እጇ አንጠልጥላ ከታክሲ ወረደች። ኮት ለባሹ መንገድ ዳር ቆሟል። መንገዷን ስትጀምር እሱም ተከተላት። ሸለቆው ጋ ስትደርስ የኮቴው ድምፅ ቀረበባት። መሮጥ አሰበች፤ ዳገቱን ከነሸክሟ አትወጣውም። ጥቅሉን ጣለች፣ ዞረች፣ ቢላዋውን መዘዘች። የሚያርፍበትንም መርጣ ነበር፤ ሆዱ ላይ።

ሰውዬው በአምስት ርምጃ ላይ ደርቆ ቀረ። ቢላዋውን አየ። የሚንፈራገጠውን ዶሮ አየ። ከዚያ ራሷ ላይ ያሰረችውን ሻርፕ አየና ፊቱ በይሉኝታ ተሞላ።

"ይቅርታ እሜቴ፤ እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ። ባርድልዎም አይሆንልዎትም።"

ሐሚዳ ምን እንዳለ የገባት ቆይቶ ነው። ዶሮና ቢላዋ ይዛ መንገድ ላይ የቆመች ሴት አራጅ ወንድ ከመፈለግ ሌላ ምን ጉዳይ አላት? በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት ሴት ዶሮ አታርድም፤ ሰውዬውም ያደገው በዚሁ ነው።

"ለምንድን ነው የምትከተለኝ?" ብላ ጮኸችበት።

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። ገብረዋሕድ ይባላል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ያዥ ነው። "ሰኔ ላይ እዚሁ ቦታ ደብድበው ሰዓቴንም ኮቴንም ገፈፉኝ" አለ። "ከዚያ ወዲህ ብቻዬን አልደፍረውም፤ በመገናኛ ዞሬ ነበር የምገባው። ባለፈው ሰፈር ውስጥ እርስዎ ቢላዋ እንደሚይዙ ሰማሁ። ታክሲ እስኪወርዱ ጠብቄ ከኋላዎ እመጣለሁ። ባለቤቴ እንኳ አታውቅም።"

ሐሚዳ ቢላዋውን ወደ አፎቱ መለሰችው። ጥቂት ርምጃ ቢጠጋ ኖሮ ትወጋው ነበር። መጀመሪያ ድንጋጤ፣ ከዚያ ንዴት መጣባት። "ታዲያ 'እህቴ፣ አብረን እንሂድ' አትለኝም? ስምንት ቀን ነፍሴን ስታወጣት!"

"ወንድ ሆኜ እንዴት ልበል? አፈርኩ።"

እሷም ይህን ሰምታ ልትስቅ ስትል አለቀሰች። ገብረዋሕድ ጥቅሏን ከመሬት አነሳላት፤ ቀድሟት ግን አልሄደም። "ይለፉ" ብሎ መንገድ ለቀቀላት።

በማግስቱ ኻሊድ መጣ። ከታክሲ ወርደው ሜዳውን ሲያቋርጡ ሸለቆው ጋ ቆሞ ወዲያና ወዲህ አየና ራሱን ነቀነቀ። ልቡ ቆርጦ እንደመጣ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

"ይኸን ሸለቆ አንቺን ማን ያሻግርሻል?" አላት።

"አንድ የመንግሥት ሠራተኛ አለ" አለች ሐሚዳ፤ "እሱን እኔ ነኝ የማሻግረው።"