ታምራትስ ደወለ?

አያ ሙላቴ ጎረቤቴ ናቸው። ጉና ላይ ገብስና ድንች ሲያለሙ ያረጁ፣ ቁጡና ግትር ሰው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ መደብ ላይ ተቀምጠው ቀሩ። «እግሬ እምቢ አለኝ» ይላሉ፤ እኔ ግን እምቢ ያለው ልባቸው ይመስለኝ ነበር።

ኋላ ደብረ ታቦር ያለ የአረጋውያን መርጃ ማኅበር ስልክ ሰጣቸውና ሰዓዲያ የምትባል ልጅ በየማክሰኞው ትደውልላቸው ጀመር። መጀመሪያ ምን እንደበሉ ትጠይቃለች። ከዚያ በስልኩ እየቆጠረችላቸው ከመደቡ ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ደግሞ ይነሣሉ። ይነጫነጫሉ፤ ግን ይታዘዟታል። በመጨረሻ «ታምራትስ ደወለ፣ አባባ?» ስትላቸው ፊታቸው ይበራል። ታምራት አንድ ልጃቸው ነው፤ ለሥራ መተማ ሄዷል። ያ ሁሉ መነሣትና መቀመጥ ለፋሲካ ሲመጣ መኪና መንገዱ ድረስ በእግራቸው ወርደው ሊቀበሉት ነበር።

ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ታምራት ሞተ። ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለእኔ ነው። በእኛ አገር መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ፊት ለፊት ይነገራል እንጂ በስልክ አይነገርም። ዘመዶቻቸው ደግሞ ከይፋግ የሚደርሱት ረቡዕ ነው። ሰዓዲያ ሳታውቅ በጥያቄዋ እንዳትወጋቸው ብዬ ደውዬ ነገርኳት። አለቀሰች። «አደራሽን፣ ምንም እንዳትዪ» አልኳት።

ማክሰኞ ስትደውል አጠገባቸው ነበርኩ። ቆጠረችላቸው፤ ተነሡ፣ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ድምጥሽ ምን ሆኗል? ጉንፋን ይዞሻል እንዴ?» አሏት።

«አዎ፣ አባባ። በሉ ደኅና ይዋሉ» ብላ ዘጋች።

ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዝናሽ፣ ታምራትን ሳትጠይቀኝ ዘጋች።»

አንድ ውሸት ስፈልግ ፊቴን አዩት።

«መቼ ነው የሚመጡት?» አሉኝ።

«ነገ ጠዋት ነው፣ አያ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያስ እኔ አልሰማሁም። ዘመድ ሳይሰበሰብለት ለልጄ አላለቅስም።»

ያለቀስኩት እኔ ነኝ። «ውጭ ወጥተሽ አልቅሺ!» ብለው ተቆጡኝ።

ረቡዕ ማለዳ ዘመዶቻቸው ከሽማግሌዎች ጋር ደጃፉ ላይ ሲደርሱ አያ ሙላቴ ማንም ሳይደግፋቸው ከመደቡ ተነሡ። መርዷቸውን ቆመው ሰሙ።